የሠላሳ ሰባት ሙስሎች መርዶ

ይህን የምጽፈው ባለቤቴ ጽጌ ሥራ ስለገባች ነው። እሷ ካለች «ደግሞ ይሄንን ለሰው ልታወራ ነው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ የሚወራ ነገር አይደለም። ግን ነገሩ እኔን ሳይጠብቅ ወጥቷል። ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ የማላውቀው ሰው እጄን ጨብጦ «አንተ ነህ አይደል ለዓሣ ለቅሶ የተቀመጥከው?» አለኝ። ዓሣ አይደሉም። ለቅሶም አልተቀመጥኩም። እንዲህ እየተበላሸ ከሚዞር ራሴን ራሴ ባዋርድ ይሻላል ብዬ ነው።

የችግሩ ሁሉ ሥር እምቢ ማለት አለመቻሌ ነው። ሰው «ትችላለህ ወይ?» ብሎ ሳይጨርስ እኔ «ምን ችግር አለ» ብዬ ጨርሻለሁ። አንድ ቀን ሱፐርማርኬት ውስጥ ቅምሻ የምታድል ሴት አይብ በጥርስ መጎርጎሪያ ሰክታ ሰጠችኝ። አልወደድኩትም። እሷ ግን ፊቴን ትክ ብላ እያየች ነበር። ምን ላድርግ፣ «ግሩም ነው» አልኩና ሦስት ጥቅል ገዛሁ። ያ አይብ ዛሬም ፍሪዘራችን ውስጥ አለ። ሥራዬ በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት ማመላለስ ነው፣ ቫን ድራይቭ አደርጋለሁ። አለቆቼም ጠባዬን ስለሚያውቁ ማንም የማይፈልገው ሺፍት ሁሉ የእኔ ነው።

ሚስ ዶርቲ ከኛ ቤት ፊት ለፊት፣ ወንዙ ዳር ባለው ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እንግሊዝኛው አንቱታ የለውም እንጂ እኔ በልቤ አንቱ ነው የምላቸው። ኩን ራፒድስ ወደምትባለው የሚኒሶታ ከተማ በገባን በመጀመሪያው ዊንተር እኔና ጽጌ በድስት ክዳን በረዶ ስንዝቅ አይተው አካፋ ይዘው መጡ። አካፋውን ሰጡን፣ የድስቱን ክዳን ለአፍታ አዩት፣ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተሰብ ሆንን። ማይክል የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፣ ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ከስቴት ስቴት ሲዞር በወር አንዴ ቢመጣ ነው።

እኚህ ሴት ታዲያ ሙስል ያሳድጋሉ። ሙስል ማለት ወንዝ ውስጥ የሚኖር፣ ሁለት ዛጎሉን ግጥም አድርጎ የሚዘጋ ፍጡር ነው። እኛ ሀገር ዛጎሉን አንገታችን ላይ እናስረዋለን እንጂ ባለቤቱን አናውቀውም። ባሕር ባላቸው ስቴቶች ሰዉ በየደጁ በሽቦ ሣጥን ኦይስተር የሚባለውን የሙስል ዘመድ ያሳድጋል አሉ። ሚኒሶታ ባሕር ስለሌለን የኛ ድርሻ የወንዝ ሙስል ሆኗል። ድሮ ሚሲሲፒን ሞልተውት ነበር፣ ውኃውን ሲያጠሩት ይውሉ ነበር፣ አሁን ግን አልቀዋል። ስለዚህ የሚያጠኑት ሰዎች የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉትን ጨቅላዎች ለፈቃደኛ ሰው ያድላሉ። ፈቃደኛው በሽቦ ሣጥን አድርጎ ከዶኩ፣ ማለት ወንዙ ላይ ገባ ብሎ ከተሠራው የእንጨት መቆሚያ፣ በገመድ ያንጠለጥላቸዋል። ሰመሩን፣ ማለት የሙቀቱን ወራት፣ ሙሉ ይንከባከባቸዋል። መስከረም ላይ አድገው ወንዙ ወለል ላይ ይለቀቃሉ።

ይበላሉ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር፣ አልዋሽም። አይበሉም አሉኝ። እኔም ከዚያ በኋላ ነገሩ ምን እንደሚጠቅም አልገባኝም፣ ግን አላልኩም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሚስ ዶርቲ ጋራዣቸው ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ኦፕሬሽን ተደርገው ተኝተው ልንጠይቃቸው ብንሄድ ስለ ዳሌያቸው ትንፍሽ አላሉም። «ሙስሎቹን ማን ያይልኛል?» አሉ። አርባ ናቸው፣ በየጀርባቸው ቁጥር ተለጥፏል፣ ዘንድሮ እሳቸው በገዛ እግራቸው ወርደው ሊለቋቸው ነበር። እኔ እሺ ያልኩት «ማን ያይልኛል» ከማለታቸው በፊት ይመስለኛል። ጽጌ በክርኗ ጎሸመችኝ፣ ግን አልቋል።

መመሪያውን በወረቀት ሰጡኝ። በየቅዳሜው ሣጥኑን ማውጣት፣ ጭቃና አረንጓዴውን ልጋግ በጥርስ ብሩሽ ማጽዳት፣ መቁጠር፣ የሞተ ካለ «ሞተ» በሚለው መስመር መጻፍ፣ ከወንዙ ወለል ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ መልሶ ማንጠልጠል። በየእሁዱ ደግሞ በስልክ ቁጥሩን ልነግራቸው፣ እሳቸው ኤሚ ለምትባለዋ አስተባባሪ ሊልኩ። ከሁሉ በታች ሁለቴ ተሰምሮበት «ምግብ አይሰጥም፣ ከውኃው ራሳቸው ያገኛሉ» ይላል።

ይህን መስመር አንብቤዋለሁ። ማንበቡንስ አንብቤዋለሁ። ግን እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። አርባ ነፍስ በአደራ ተሰጥቶኝ፣ በእኔ እጅ እያለ፣ ምንም ሳይቀምስ ይክረም? ሰው ቤት ገብቶ «በልቼ ነው የመጣሁት» የሚል እንግዳ ምን ይደረጋል? ይለመናል፣ በግድ ይጎርሳል። ፈረንጅ ምግብ አይሰጥም ሲል ስስት ይሆናል እንጂ አልኩ። የሚሆናቸውን አስቤ አስቤ በሶ አገኘሁ። ገብስ ነው፣ ለሆድ ቀላል ነው፣ ጾምም ቢሆን አይከለከልም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቁንጥር ያህል ጣል አደረግሁላቸው። በሁለተኛው አንድ ሲኒ። በሦስተኛው በውኃ በጥብጬ አንድ ጆግ ወሰድኩ።

ጽጌ በሶው መጉደሉን አየች። እናቷ በሰው የላከችላት ነው። በጠዋት እየተነሳህ በሶ ትጠጣለህ ወይ፣ ስኳር አለብህ እኮ አለችኝ። አዎ ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ በኋላ የመጡት ውሸቶች ሁሉ የዚህች ታናናሾች ናቸው።

ሐምሌ ሲገባ ሙቀቱ ሌላ ሆነ። ቫኑን አቁሜ ስመለስ መሪው ያቃጥላል። እነዚያ ምስኪኖች ፀሐይ ላይ ተሰቅለው እንዴት ይሆናሉ ብዬ ገመዱን ለቀቅ አድርጌ ሣጥኑን ወንዙ ወለል ላይ አሳረፍኩት። ጥላ እንዲያገኙ ነው። እንግዲህ ከላይ በሶ፣ ከታች ጭቃ። የሠራሁትን አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል፣ ያኔ ግን ከእኔ በላይ ደግ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ሚስ ዶርቲ አንድ ነገር ነግረውኝ ነበር። ደህና ሙስል ውኃ ውስጥ ዛጎሉን ትንሽ ገርበብ ካደረገ እየበላ ነው፣ ሲነኩት ይዘጋል። እኔ ከዚህ ውስጥ ጆሮዬ የያዘው «ከከፈተ እየበላ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። በሐምሌ የመጀመሪያ ቅዳሜ አሥር ያህሉ ከፍተው አገኘኋቸው። ደስ አለኝ። በሚቀጥለው ሃያ አምስት። በሦስተኛው ቅዳሜ አብዛኞቹ አፋቸውን ወለል አድርገው ከፍተዋል። እሁድ ስደውል «በደንብ እየበሉ ነው» አልኳቸው። ስንት ሞተ? አሉኝ። ዜሮ። ጎበዝ አሉኝ። እኔም በልቤ በሶው ነው አልኩ።

ሽታውን ያመጣችው ጽጌ ናት። ማለቴ፣ ያገኘችው። አንድ ቅዳሜ ከዶክ ስመለስ በሩ ላይ አቆመችኝና ምን ነክተህ ነው የመጣኸው አለችኝ። ልብሴን አሸተተች። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ዶኩ ወሰደችኝ፣ ሣጥኑን አስወጣችኝ፣ አንዱን አንስታ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው። አልተዘጋም። ገልበጥ አደረገችው፣ ውስጡ የለም።

«ይሄ ሞቷል» አለች።

እየበላ ነው አልኳት።

ጽጌ ዉድበሪ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሞት ምን እንደሚመስል ከእኔ ጋር አትከራከርም። አንድ በአንድ እያነሳች በግራ በኩል ደረደረቻቸው። ሠላሳ ሰባት ሆኑ። በቀኝ በኩል ሦስት ቀሩ፣ ሲነኳቸው ጥብቅ አድርገው የዘጉ። በሶውን የዚያኑ ቀን አወቀች። ስለ በሶው የተናገረችኝን አልጽፈውም። ሣጥኑን መመሪያው ወዳለው ከፍታ መልሳ የሰቀለችውም እሷ ናት።

በማግስቱ እሁድ ልነግራቸው ቆርጬ ደወልኩ። አንደበቴን አዘጋጅቻለሁ። ሚስ ዶርቲ ስልኩን ሲያነሱ እያለከለኩ ነበር። የተዛወሩበት ማገገሚያ ቤት ኮሪደር ዳር ድረስ በመደገፊያቸው ሄደው መመለሳቸው ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። መስከረም ላይ ወደ ዶኩ ደረጃ እወርዳለሁ ብዬ ስለማስብ ነው እግሬ የሚታዘዝልኝ አሉኝ። ከዚያ «እንዴት ናቸው?» አሉ።

አፌ ያለ እኔ ፈቃድ «ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ።

እዚህ ላይ አትፍረዱብኝ አልልም፣ ግን እናንተም ታውቁታላችሁ። ለታመመ ሰው መርዶ በስልክ ይነገራል? ሰው እየዳነ ነው፣ ደም ግፊት አለው፣ ብቻውን ነው፣ አጠገቡ የሚይዘው የለም። የኛ ሰው እኮ ሞት የሚነግረው ቀን መርጦ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። ጽጌ ይህን ስነግራት፣ እሷ መሥሪያ ቤት ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይደወላል፣ ሙስል ነው ደግሞ አለችኝ። እኔ ግን ደህና ሲሆኑ እነግራቸዋለሁ አልኩ። እያንዳንዱ እሁድ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

ፍልሰታ ገባ። በጾም መዋሸት ጀመርኩ ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሚስ ዶርቲ ዳኑና ቤታቸው ተመለሱ። ደረጃው ገና ስለሚከብዳቸው ወደ ዶኩ አይወርዱም፣ ግን የሳሎናቸው መስኮት ወንዙን ያያል። ቅዳሜ ጠዋት ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር አስጠግተው ይጠብቁኛል። ምን ላድርግ? ወረድኩ። ሣጥኑን አወጣሁ። ሠላሳ ሰባት ባዶ ዛጎል አንድ በአንድ እያነሳሁ በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁ። ዘወር ስል እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። እኔም አወዛውዛለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ የሞተ ሳጥብ፣ ላቤ ጀርባዬ ላይ እየወረደ፣ አንዴም ቀና ብዬ ሰማይ አላየሁም። ስጨርስ ቡና ጠጣ ብለው ጠሩኝ። ጾም ነው ብዬ ወተቱን እምቢ አልኩ፣ ውሸቱን ግን እሺ አልኩ።

ለንስሐ አባቴ ዋሽቻለሁ አልኳቸው። ስለምን? ስለ ሙስል። ሙስል ምንድን ነው? አስረዳሁ። ትበላዋለህ? አልበላም። ታዲያ ምን ያስዋሽሃል፣ ሂድና እውነቱን ንገራቸው አሉኝ። ይኸው ነው። ቀኖና ቢሰጡኝ፣ ስግደት ቢጨምሩብኝ በወደድኩ። ከባዱን ሰጡኝ።

መስከረም እንደጠባ ኤሚ ለሚስ ዶርቲ ደወለች። ወንዙ ላይ ካሉት ሣጥኖች ሁሉ አንድም ሙስል ያልሞተበት የእሳቸው ብቻ ነው አለቻቸው። ቦታው ምርጥ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ሌሎች ፈቃደኞች ያሳደጓቸውን ሁለት መቶ ሙስሎች ጭምር እዚያው ዶኩ ሥር ሊለቋቸው ወስነዋል። ቅዳሜ ይመጣሉ። ፎቶም ያነሳሉ። ሚስ ዶርቲ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፣ «ጎረቤቴ ነው የተንከባከባቸው ብያታለሁ፣ ፎቶው ላይ አንተም ትቆማለህ» አሉኝ። እኔ ሁለት መቶ ነፍስ ወደ በሶዬ ሲመጣ ታየኝ። ጭቃው ገና አልጠራም፣ ሽታው ገና አለ። ውሸቴ እስካሁን የሞቱትን ነበር የሸፈነው፣ አሁን ያሉትን ሊገድል ነው። ረቡዕ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን በሥርዓቱ ላድርገው አልኩ፣ ጥፋቴም ይኸው ነው። ወደ ጋሽ በቀለ ሄድኩ። ጋሽ በቀለ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ፣ ስኔሊንግ አቨኒው አካባቢ ነው የሚኖሩት። የሐበሻ መርዶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደወለው ለሳቸው ነው። ሰውን ሳያስደነግጡ መንገር ያውቁበታል። አስረዳኋቸው፣ ምንም አልደበቅኩም። ስንት ናቸው አሉኝ። ሠላሳ ሰባት። «ሴትዮዋ ናቸው ያሳደጓቸው?» አዎ። ጋሽ በቀለ ጺማቸውን አሻሹና እዚህ ሀገር ድመት የሞተበት ሰው የሐዘን ካርድ ይላክለታል፣ በዓይኔ አይቻለሁ አሉ። ላሳደጋቸው ሰው ሐዘን ሐዘን ነው። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ እንሄዳለን።

ጽጌ አብደሃል ብላ ነበር። ግን ብቻዬን ከምትለቀኝ አብራ መምጣቱን መረጠች፣ በትልቅ ሳህን ምስር ወጥ ሠርታም ያዘች። ጋሽ በቀለ ከእድሩ ሁለት ሴቶች ጨምረው መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ለእነሱ ማን እንደሞተ በቅጡ የነገራቸው የለም፣ ጋሽ በቀለ «ብዙ ናቸው» ብቻ ብለዋቸዋል። አምስት ሆነን፣ አሥራ አንድ ተኩል ገደማ፣ ድምፅ ሳናሰማ መንገዱን ተሻገርን።

ሚስ ዶርቲ በመደገፊያቸው እየተራመዱ በሩን ከፈቱ፣ በሌሊት ልብሳቸው። አምስታችንን አዩ። ምን ሆናችሁ አሉ። ሥርዓቱን ታውቃላችሁ፣ በር ላይ አይነገርም። ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ቆየት ተብሎ ነው። ጋሽ በቀለ እጃቸውን ከፍ አድርገው አንገታቸውን ደፉ። እኔም ደፋሁ። አንደኛዋ ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«ማይክል ነው?» አሉ ሚስ ዶርቲ።

ጋሽ በቀለ እንግሊዝኛው ፈጥኖ አይመጣላቸውም፣ እጃቸው ገና ከፍ እንዳለ ነው። እኔ አፌን ከፈትኩ፣ እምላለሁ ከፍቻለሁ፣ ግን ምንም አልወጣም።

«ማይክል ነው?» አሉ እንደገና። ያን ጊዜ ሁለተኛዋ ሴት ማልቀስ ጀመረች።

እጃቸው ከመደገፊያው ተንሸራተተ። ጽጌ የምስሩን ሳህን ደረጃው ላይ ጥላ ዘላ ያዘቻቸው። በእንግሊዝኛ፣ ጥርት አድርጋ፣ ማይክል ደህና ነው፣ የሞቱት ሙስሎቹ ናቸው፣ ሌላ ማንም አልሞተም አለቻቸው። ሦስት ጊዜ ደገመችላቸው። ያን ሁሉ ወር ልናገረው ያልቻልኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር እሷ ሦስት ጊዜ ተናገረችው።

ሶፋው ላይ አስቀመጥናቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ለልጃቸው መደወል ነው። ሁለቴ ሞከሩ። ማይክል አነሳ፣ ከእንቅልፉ ነው የተነሳው፣ የሆነ ስቴት ውስጥ መኪናው ውስጥ ተኝቷል። ምንም አይደለም፣ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው አሉትና ዘጉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ለሁለት ደቂቃ ልጄን ቀበርኩት» አሉኝ።

የማልረሳው ይህንን ነው። ሰው ቢጮህብህ ይሻላል። እሳቸው የተናገሩት የተማሪ ስም የሚጠሩ ያህል ረጋ ብለው ነበር። ጋሽ በቀለ ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ፣ ተረጎምኩላቸው። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። በዚያ አሮጌ እጃቸው ደረታቸውን ይዘው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቁ። ስንት ዓመት መርዶ ሲነግሩ ሰው ሳያስደነግጡ የኖሩ ሰው፣ በኔ ምክንያት ያቺን ቀን አዩ። ሁለቱ ሴቶች እስከዚያ ሰዓት ማን እንደሞተ አልገባቸውም ነበር። ስሸኛቸው መኪናው በር ላይ ስነግራቸው አንደኛዋ እንባዋን እየጠረገች አልስቅ ብላ ከንፈሯን ነከሰች፣ ሁለተኛዋ ግን አልነከሰችም። እስከ ስኔሊንግ ድረስ ስትስቅ እንደሄደች ሰምቻለሁ። ወሬውም ከዚያው መኪና ነው የወጣው።

እነሱን ሸኝቼ፣ ጽጌም ደረጃው ላይ የፈሰሰውን ምስር ጠርጋ ሥራ ከሄደች በኋላ፣ ተመልሼ ገባሁ። መቅረት ፈልጌ ነበር፣ እግሬ ግን አፈረ። ሚስ ዶርቲ ሰመሩን ሙሉ የጻፉትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ። ስለ በሶው ነገርኳቸው። ስለ ጭቃው ነገርኳቸው። በመስኮት እያዩኝ ዛጎል ስለ ማጠቤም ነገርኳቸው። ይህን ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«‹ሞተ› የሚለው መስመር እኮ ለዚህ ነው የተሠራው» አሉ። «የሚሞት ባይኖር ወረቀቱ ባላስፈለገ። ኤሚ የምትፈልገው የት እንደሚሞቱና ለምን እንደሚሞቱ ነው። በሐምሌ ብትነግረኝ ኖሮ ሣጥኑን ከፍ አድርግ እልህ ነበር። ምናልባት ሃያው ይተርፍ ነበር።»

ሃያ። ይቺን ቁጥር ይዤ እተኛለሁ፣ ይዤ እነሳለሁ።

እስክሪብቶ ሰጡኝ። ዜሮዎቹን አንድ በአንድ ሰረዝኩ። ከዚያ ስልኩን ሰጡኝ፣ እሳቸው አልደወሉልኝም። ኤሚን ራሴ አናገርኳት። የቅዳሜውን ፕሮግራም ሰረዘች፣ የሰጠኋቸውን ነገር ስም እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችኝና በ-ሶ ብዬ ፊደል በፊደል አስጻፍኳት። የተረፉትን ሦስቱን ሌላ ፈቃደኛ መጥቶ ወሰዳቸው። በእኔ እጅ እንዲቆዩ የጠየቀ የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ስልኩን ስዘጋ ሚስ ዶርቲ ተቆጥተው አልነበረም፣ ግራ ገብቷቸው ነበር። ክፉ ሰው እንዳልሆንኩ ያውቃሉ፣ ታዲያ ለምን? አሉኝ። በኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ሞት አይነገርም፣ ፍቅር ነው እንጂ ማታለል አይደለም ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ለኔም እንዲሁ ተደርጎልኛል አልኳቸው። አባቴ ሲሞት እኔ እዚህ ሀገር ገና መግባቴ ነበር፣ ሥራ የለኝ፣ ሰው አላውቅ፣ ብቻውን ልቡ ይሰበራል ብለው ቤተሰቦቼ አምስት ወር ደበቁኝ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ፣ ሁልጊዜም ወገኖቼ ምን ያህል እንደሚሳሱልኝ ለማሳየት ነው የማወራው።

«በነዚያ አምስት ወራት አንተ ምን ታደርግ ነበር?» አሉኝ።

በየእሁዱ እደውል ነበር። ተኝቷል ይሉኛል፣ ሰላም በሉልኝ እላለሁ። በመጀመሪያው ደመወዜም ጫማ ገዝቼ ላክሁለት። ቡናማ፣ አርባ ሁለት ቁጥር፣ ማሰሪያ የሌለው፣ ጎንበስ ማለት ይቸግረው ስለነበር። እህቴ ደውላ «በጣም ነው የወደደው፣ ልክክ አለለት» አለችኝ።

ይህንን እስከዚያ ቀን ስናገር ፈገግ እያልኩ ነበር። ያን ቀን ግን «ልክክ አለለት» ካልኩ በኋላ የሚቀጥለው ጠፋኝ።

ሚስ ዶርቲ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ታዲያ ጫማውን ማን አደረገው?» አሉኝ።

አላውቅም። ይኸው ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፣ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።